ዲናሞው ጠጠር ሲያኝክ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል። የውሃ ፓምፕ ድምፅ ይገባል፤ መጀመሪያ ለስላሳና ያልተቆራረጠ፣ ቀጥሎ የሚንኳኳና የሚንኮሻኮሽ። ድምፁ ይጠፋል።)

ሁለተኛው ድምፅ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ፣ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አራት አምስት ፎቅ ባለው ሕንፃ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ፣ የውሃ ፈረቃችሁ በደረሰበት ሌሊት ከምድር ቤት ሽቅብ የሚሰማው እሱ ነው። ውሃው መሬት ውስጥ በተቀበረው ታንከር ይጠራቀማል፤ ዲናሞው ከዚያ እየሳበ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይገፋዋል። ታንከሩ ሙሉ ሳለ ድምፁ ደህና ነው። እየጎደለ ሲሄድ ግን ዲናሞው ጠጠር እንደ ጎረሰ ሁሉ ማኘክ ይጀምራል።

ጥበቃው "አየር ስቧል" ይላል። ባለሙያ ይጠራል፤ "ኩሽኔታው ነው" ይባልና ኩሽኔታ ይቀየራል። ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ይመለሳል። በመጨረሻ ፓምፑ ተፈቶ ሲታይ ኢምፔለሩ፣ ማለትም ውሃውን እያሽከረከረ የሚወረውረው ባለ ክንፍ ጎማ፣ ተበልቶ ይገኛል። አሁን ደግሞ አንዱ "ዝገት ነው" ሌላው "አሸዋ ነው" ይላል።

እስቲ ያንን ኢምፔለር ወደ ብርሃን አውጥተን ጠጋ ብለን እንየው። ዝገት የበላው ብረት ቡናማ ቅርፊት ያወጣል፤ በጥፍር ሲነካ ይረግፋል፤ ጉዳቱም ያገኘውን ቦታ ሁሉ ያዳርሳል። አሸዋ የበላው ለስላሳ ነው፤ ውሃው በፈሰሰበት አቅጣጫ በሞረድ የተሳለ ይመስላል፤ ቀጫጭን ቦዮችም ይታዩበታል። ሦስተኛው ዓይነት ጉዳት ግን ሁለቱንም አይመስልም። ክንፉ ውሃ ከሚቀበልበት ጫፍ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከጀርባው በኩል፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተሰብስቦ ይገኛል። ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ የተደራረበበት፣ ጣት ሲያልፍበት የሚቧጥጥ፣ ግራጫ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ስብራት ነው። ከዚያ ሁለት ጣት አለፍ ብሎ ያለው ብረት ገና ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ይህ የካቪቴሽን ሥራ ነው። ብረቱን እንዲህ ያደረገው ውሃው ውስጥ ተወልዶ፣ ዓይን ተርገብግቦ ሳይከደን የሚጠፋ የእንፋሎት አረፋ ነው።

አረፋው ከየት መጣ? ውሃ ለመፍላት የግድ እሳት አያስፈልገውም። ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርገው ከላዩ የተጫነው ግፊት ስለሆነ፣ ግፊቱ በበቂ መጠን ከወረደ ቀዝቃዛ ውሃም ይፈላል። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ ግፊቱ ወደ 2.3 ኪሎ ፓስካል ሲወርድ እንፋሎት ይሆናል። ይህም ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው የአየር ግፊት ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ነው። ፓምፕ በኃይል ሲሽከረከር በኢምፔለሩ ክንፍ ጀርባ ላይ ግፊቱ እዚያ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ያኔ በእንፋሎት የተሞሉ ጥቃቅን አረፋዎች ይወለዳሉ።

አረፋ መወለዱ ብቻውን ብረት አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው አረፋው ሲሞት ነው። ውሃው ትንሽ ወደፊት ሄዶ ግፊቱ ሲመለስ፣ አረፋው ወደ ውጭ አይፈነዳም፤ ወደ ውስጥ ይደረመሳል። በዙሪያው ያለው ውሃ ባዶውን ቦታ ለመሙላት ከየአቅጣጫው ይሮጣል። አረፋው ብረት አጠገብ ከሆነ በብረቱ በኩል ውሃ እንደልቡ መምጣት አይችልም፤ ስለዚህ ከተቃራኒው ወገን የሚመጣው ያይልና አረፋውን መሐል ለመሐል በስቶ፣ በመርፌ ቅጥነት ብረቱን ይመታዋል። የዚህ ምት ፍጥነት በሰከንድ 100 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ምቱ ባረፈባት ነጥብ ላይ የሚፈጠረው ግፊት ብዙ መቶ ሜጋ ፓስካል ነው፤ ተራ የግንባታ ብረት ደግሞ ቅርጹን መልቀቅ የሚጀምረው 250 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ነው። አንድ ምት ምንም አይደል፤ ግን በየሰከንዱ በሺህ የሚቆጠር አረፋ እዚያችው ቦታ ላይ ይደረመሳል። የምትሰሙት የጠጠር ድምፅም እሱ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ ነገር አዲስ አበባ ላይ ዝቅ ካለ ቦታ ይልቅ ይከፋል። ምክንያቱ ከፍታችን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ በአማካይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የሚጫነን አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ሽምብራና ባቄላ እዚህ በቶሎ አልበስል የሚለው በዚሁ የተነሳ ነው፤ ውሃችን በ92 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ ድስቱ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ለፓምፕ ሲሆን ነገሩ በሜትር ይቆጠራል። ፓምፑ በመሳቢያው ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል እንጂ ውሃውን ጎትቶ አያወጣም፤ ሽቅብ የሚገፋው ታንከሩ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ የተጫነው አየር ነው። ይህ አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ውሃን 10.3 ሜትር ያህል ሽቅብ መግፋት ይችላል። ብስራተ ገብርኤል ላይ አቅሙ 7.8 ሜትር ገደማ ነው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ታንከሩ ሲጎድል የውሃው ገጽ ከፓምፑ 3 ሜትር በታች ይሆናል እንበል። በቱቦው፣ በክርኖቹና በመሳቢያው ታችኛ ጫፍ ባለው ፉት ቫልቭ ሰበቃ 1.5 ሜትር ይጠፋል። ለውሃው የራሱ የእንፋሎት ግፊት ሩብ ሜትር ገደማ እንቀንስ። ከ7.8 ላይ እነዚህን ስንቀንስ 3 ሜትር ገደማ ይተርፋል። አምራቹ ከፓምፑ ጋር በሚሰጠው ወረቀት ላይ ደግሞ ኤን ፒ ኤስ ኤች የሚል ኩርባ መስመር አለ፤ ፓምፑ በአረፋ ብዛት አቅሙ ሳይወርድ እንዲሠራ መሳቢያው ላይ ምን ያህል ሜትር መትረፍ እንዳለበት የሚናገረው እሱ ነው። ወረቀቱ 3.5 ሜትር ካለ ፓምፑ ብስራተ ገብርኤል ላይ ጠጠር ያኝካል። ያው ፓምፕ፣ በዚያው ቱቦ፣ በዚያው ጥልቀት ጅቡቲ ላይ ቢተከል ከ5 ሜትር በላይ ይተርፈዋል፤ ውሃው እዚያ ቢሞቅ እንኳ ድምፁን አያሰማም። "ይህ ፓምፕ እስከ 7 ሜትር ይስባል" የሚል ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ ያነበበ ሰው ጽሑፉ ለባሕር ጠረፍ ሰው መጻፉን ይወቅ። ሻጩም እንዲህ ብሎ አይነግራችሁም፤ እሱም ካርቶኑን ነው የሚያነበው።

የአረፋውን ነገር መጀመሪያ በግልጽ የተጋፈጡት የመርከብ ሰዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ፓርሰንስ ተርባይን የሚያንቀሳቅሳት ተርቢኒያ የተባለች ጀልባ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1894 ቢሞክራት ሞተሩ ብርቱ ሆኖ ሳለ ፍጥነቷ አላረካውም። ፕሮፔለሩ በአረፋ ተከቦ ውሃውን መጨበጥ አቅቶት ነበር። ፓርሰንስ ይህን ለማየት በ1895 ትንሽ የመሞከሪያ ገንዳ ሠራ፤ የካቪቴሽን ቤተ ሙከራ የሚባለው ነገር ከዚያ ይጀምራል። ከዚያ ሥራውን በሦስት ዘንግ ላይ ለተተከሉ ዘጠኝ ፕሮፔለሮች አከፋፈለው። በሰኔ 1889 ዓ.ም.፣ እኛ ከአድዋ ድል አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላን፣ ተርቢኒያ በንግሥት ቪክቶሪያ የባሕር ኃይል ትርኢት ላይ 34 ኖት ሮጣ ሁሉንም ቀደመች። ፍጥነቱ ቢገኝም የትልልቅ መርከቦች ፕሮፔለር መበላቱ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1917 ሎርድ ሬይሊ የሚደረመስ አረፋ የሚፈጥረውን ግፊት በሂሳብ አሰላና ተጠያቂው ጨዋማው ውሃ ብቻ እንዳልሆነ አሳየ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ብረቱ እንግባ። ይህን የሰማ ሰው ቀድሞ የሚመጣለት "እንግዲያውስ ጠንካራ ብረት ይሁን" የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ።

ብረት ለካቪቴሽን ያለው ጽናት እንዴት እንደሚለካ ልንገራችሁ። በብዙ ቤተ ሙከራ የሚሠራበት ጂ 32 የተባለ የአሜሪካ የፈተና መስፈርት አለ። የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል የብረት ናሙና በሚርገበገብ ዘንግ ጫፍ ላይ ትታሰርና 25 ዲግሪ በሆነ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ትጠመቃለች። ዘንጉ በሰከንድ 20,000 ጊዜ ይርገበገባል፤ እንቅስቃሴው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 50 ማይክሮ ሜትር ነው፤ ከሰው ጠጉር ውፍረት የሚያንስ። ናሙናዋ ፊት ላይ የአረፋ ደመና ይፈጠራል። በየተወሰነ ጊዜ አውጥተው አድርቀው በጣም ረቂቅ በሆነ ሚዛን ይመዝኗታል።

የሚገርመው መጀመሪያ ላይ ሚዛኑ ምንም አይናገርም። ለተወሰነ ጊዜ አንዲት ቅንጣት አትጎድልም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ግን የብረቱ ገጽ እየተመታ እየጎደጎደ፣ እየተጨመቀ ነው። ሽቦ በእጃችሁ ደጋግማችሁ አጥፋችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ፦ መጀመሪያ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ቀጥሎ ይደድራል፣ ከዚያ እልም ብሎ ይሰበራል። የብረቱም ገጽ እንዲሁ ደድሮ ደድሮ ሲያበቃ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቆቹ ሲገናኙ ቁራጩ ይረግፋል፤ ከዚያ ወዲያ ክብደቱ በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ብረቱ ሳይሰነጠቅ ምን ያህል ምት መዋጥ ይችላል የሚለው ነው። ጥንካሬ ያስፈልጋል፤ ጥንካሬው ቶሎ ከሚሰበር ዓይነት ከሆነ ግን አይጠቅምም።

ርካሽ ፓምፖች ላይ የምናገኘው ካስት አይረን እዚህ ላይ ይወድቃል። በውስጡ ካርቦኑ በቀጫጭን የግራፋይት ቅጠል መልክ ተሰግስጎ ስለሚገኝ፣ ስንጥቅ መነሻ ፍለጋ አይቸገርም፤ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። አሉሚኒየምም ደካማ ነው። ለደረጃ መደገፊያና ለሆቴል ወጥ ቤት ዕቃ የምንጠቀምበት 304 የሚባለው ስቴንለስ ስቲል፣ 18 ከመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 ከመቶ ገደማ ኒኬል ያለው ማለት ነው፣ በጥንካሬ መለኪያ ሲታይ ለስላሳ ነው። ነገር ግን አረፋ ሲመታው በውስጡ ያሉት አተሞች አሰላለፋቸውን ለውጠው ጠንካራ ወደሆነው ማርተንሳይት ወደሚባለው ዓይነት ይሸጋገራሉ። ለውጡ የምቱን ኃይል ይበላል፤ ገጹም እየተመታ ይጠነክራል። በዚህ የተነሳ ከሱ የሚጠነክሩ አንዳንድ ተራ ብረቶችን በካቪቴሽን ፈተና ይበልጣቸዋል።

በዚህ ጠባይ ከሁሉ የታወቀው ኮባልት የበዛበት ስቴላይት የሚባለው ቅይጥ ነው። አሜሪካዊው ኤልውድ ሄይንስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፈጠረው ሲሆን፣ ከ304 በብዙ እጥፍ ይጸናል። ዋጋው ግን አይቀመስም። ስለዚህ በአውራ ጣት ውፍረት ቀርቶ በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ፣ በሚጎዳው ቦታ ላይ በብየዳ ይለበጣል። የካናዳው ሃይድሮ ኬቤክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን ወጪ ለመሸሽ ሲሉ ኮባልቱን ወደ 10 ከመቶ ገደማ ዝቅ አድርገው ሌላውን በብረት፣ በክሮሚየምና በማንጋኒዝ የተኩበት የብየዳ ቅይጥ አወጡ። አይሬካ ይባላል። እየተመታ የመጠንከሩን ጠባይ ከስቴላይት ወርሷል፤ ዋጋው ግን የብዙ ኮባልት ዋጋ አይደለም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሥራዎች ብልሃቱ ደስ የሚለኝ ይኸኛው ነው።

በትልልቅ ተርባይኖች ዘንድ የተለመደው ምርጫ ግን ከሁለቱም ውጭ ነው፤ 13 ከመቶ ክሮሚየምና 4 ከመቶ ኒኬል ያለው ስቴንለስ ስቲል። በካቪቴሽን ጽናት አንደኛ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ቶን የሚመዝን አካል ሆኖ መቀረጽ ይችላል፣ ሸክም ይችላል፣ ሲጎዳም ይበየዳል። መሐንዲስ ብረት ሲመርጥ ከሚዛኑ ውጤት በላይ የሚያየው ብዙ ነገር አለው።

ተርባይን ካነሳን የሀገራችን ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ እንደሚመነጭ ታውቃላችሁ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ ሕዳሴ ግድብ 13 ዩኒቶች አሉት፤ በድምሩ 5,150 ሜጋ ዋት። ተርባይኖቹ ፍራንሲስ የሚባለው ዓይነት ናቸው። የግልገል ጊቤ ሦስት አሥር ዩኒቶችም፣ የተከዜ አራቱም፣ የጣና በለስ አራቱም እንዲሁ። በፍራንሲስ ተርባይን ውሃው ከዙሪያው ገብቶ በታች ይወጣል፤ ሲወጣ ግፊቱ በጣም ስለሚወርድ አረፋ የሚወለደው እዚያ፣ በክንፎቹ መውጫ አካባቢ ነው። ጀርመናዊው ዲተር ቶማ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ተርባይኑ ከመውጫው ውሃ ገጽ አንጻር በምን ያህል ከፍታ ወይም ጥልቀት መቀመጥ እንዳለበት የሚለካ ቁጥር አወጣ። በዚያ ሂሳብ መሠረት ትልልቆቹ ተርባይኖች ብዙ ጊዜ ከመውጫው ውሃ በታች ይቀበራሉ፤ ከላይ ያለው ውሃ ክብደት አረፋውን አፍኖ ይይዘዋል። ለመቆፈሪያ የሚወጣው ወጪ ከባድ ነው። ግን ከማንኛውም ውድ ቅይጥ ይልቅ የሚያስተማምነው እሱ ነው።

ተርባይኑ ከታሰበለት የውሃ መጠን በጣም ባነሰ ወይም በበለጠ ሲሠራም አረፋው ይበረታል። ስለዚህ ኦፕሬተሮች የሚርቁት የኃይል ክልል ይኖራቸዋል።

የሀገራችን ወንዞች ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራሉ፤ ደለል። ክረምት ላይ ተከዜና አባይ ምን መልክ እንዳላቸው ያየ ሰው ይረዳዋል። የቆቃ ሐይቅ በደለል መሞላት የታወቀ ችግር ነው። ለደለል ፍትጊያ የሚመረጠው መድኃኒት እንደ ተንግስተን ካርባይድ ያለ በጣም ጠንካራ ልባስ ነው፤ አሸዋ አይፍቀውም። ይኸው ልባስ ግን በካቪቴሽን ምት ሲደበደብ ሊሰነጠቅና እንደ ቅርፊት ሊነሳ ይችላል። አንዱ ጠላት ጥንካሬ ይፈልጋል፤ ሌላው ምት መዋጥ። ሁለቱ በአንድ ወንዝ ውስጥ ሲመጡ ጉዳቱ ከየብቻቸው ድምር ይበልጣል፤ አንዱ የቆፈረውን ሻካራ ቦታ ሌላው ያሰፋዋል።

የተበላ ተርባይን አይጣልም፤ በብየዳ ይጠገናል። የተበሳሳው ብረት እስከ ጤነኛው ድረስ ተፍቆ ይወጣል፤ በስቴንለስ ኤሌክትሮድ ይሞላል፤ በግራይንደር ይስተካከላል። የባለሙያው ፈተና ያለው በዚህ ማስተካከል ላይ ነው። ክንፉ ላይ እፍኝ የማትሞላ ጉብታ ብትቀር፣ ውሃው በጉብታዋ ላይ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ከኋላዋ ግፊቱ ይወርዳል፣ አዲስ አረፋ ይወለዳል። ስለዚህ በዓይን ግምት አይሠራም፤ በክንፉ ቅርጽ የተቆረጠ ልክ እየተደቀነበት ይፈተሻል።

(አጭር ሙዚቃ)

ለሾፌሮችና ለጋራዥ ሰዎች አንድ ቃል። የከባድ መኪና ዲዝል ሞተር ሲፈታ፣ ካሚቻው ወይም ላይነሩ ከውጭ፣ ውሃው በሚነካው ጎን ተበሳስቶ ካያችሁ ጥፋቱ ይኸው አረፋ ነው። ፒስተኑ ላይነሩን በመታ ቁጥር ላይነሩ ይርገበገባል፤ ውሃው ሲሸሸው አረፋ ይፈጠራል። ትክክለኛ ኩላንት በብረቱ ላይ ስስ መከላከያ ልባስ የሚሠሩ ኬሚካሎች አሉት፤ የቧንቧ ውሃ የለውም። የራዲያተር ክዳኑም ሥራው ግፊት መያዝ ነው። በእኛ ከፍታ ላይ ክዳኑ ከላላ ውሃው ለመፍላት የቀረው ርቀት በጣም አጭር ነው።

ከዝግጅቱ በፊት ከሰፈሩ ሰዎች ከሰማናቸው ጥያቄዎች ሁለቱን እንመልስ። "የሕንፃችን ዲናሞ ሲንኳኳ ቫልቭ ጠበብ ብናደርግ ይሻላል ወይ?" የትኛውን ቫልቭ? የመሳቢያውን ከሆነ በፍጹም አትንኩት፤ ግፊቱን ይበልጥ አውርዶ አረፋውን ያበዛዋል። ወደ ሮቶ የሚሄደውን ቫልቭ ጠበብ ብታደርጉ ግን ፓምፑ የሚገፋው ውሃ ይቀንሳል፣ የሚፈልገው ትርፍ ሜትርም ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜ ድምፁ ይረጋል። ሮቶው ለመሙላት ይዘገያል፤ ያን መታገሥ ነው።

ሁለተኛው፦ "ኢምፔለሩን በስቴንለስ ብንቀይረውስ?" ይቆይላችኋል፤ ግን መጀመሪያ ሌላ ሥራ ሥሩ። ፓምፑን ከታንከሩ ጎን ወደ ታች አውርዱት፤ የውሃው ገጽ ሁልጊዜ ከፓምፑ በላይ ከሆነ ችግሩ ከሥሩ ይጠፋል። ይህ ካልተቻለ የመሳቢያውን ቱቦ አንድ ቁጥር አስፉት፣ ክርኖቹን ቀንሱ፣ የፉት ቫልቩን ወንፊት አጽዱ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ታንከሩ ሲጎድል አሁንም ከተንኳኳ፣ ውሃው ከታች ሳያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ስዊች አስገጥሙና ያን ጊዜ ስለ ስቴንለሱ ዋጋ ጠይቁ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)